ካቶሊክ ትምህርት ቤት ተምረህ እንዴት ሳትለወጥ ቀረህ?

ጅማ ካቶሊክ ሃይስኩል ነው የተማርኩት ስል ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚጠይቀኝ በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ቡና ላይ ነው፣ ባጃጅ ውስጥ ነው፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ያው ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ አብሮኝ የሚቀመጠው ልጅ ሙስሊም ነበር፣ ክላሳችን ውስጥ ካቶሊኮቹ በጣት ይቆጠሩ ነበር። እስቲ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

«ቀስ እያሉ ያጠምቋችኋል»

ይሄ የእናቴ ጓደኞች ናቸው። እንግዲህ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በፈረንጅ 1965 ስለ ሃይማኖት ነጻነት ባወጣው ሰነድ ማንም ሰው ተገዶ እንዳያምን ብሎ በግልጽ ጽፎታል፣ ሕገ መንግሥታችንም አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽእኖ ነጻ ይሁን ይላል። እኛ ጋ ቅዳሴ ሲኖር ካቶሊኮቹ ይገባሉ፣ የቀረነው ላይብረሪ፣ ላይብረሪ ማለት ደግሞ ሹክሹክታ ነው። የገረመኝ ነገር ቢኖር ረመዳን ላይ ሲስተሯ የጾሙትን ልጆች ስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ አታሩጧቸው ብላ መምህሩን ስትቆጣ ነው።

«ቁርባንም ትቀበላላችሁ አሉ»

ኧረ በጭራሽ። ቁርባን ለተዘጋጀ ካቶሊክ ነው፣ እንደ ደብተር ለተማሪ ሁሉ የሚታደል ነገር አይደለም።

«ካቶሊክ ጾም የለውም»

አለው፣ የኛን ስላልመሰለ ነው። የጅማ ካቶሊኮች የላቲን ሥርዓት ነው የሚከተሉት፣ በዐቢይ ጾም አርብ አርብ ሥጋ ይተዋሉ እንጂ እንቁላልና ወተት አይከለከልም፣ ስለዚህ አርብ ቀን እንቁላል ሲበሉ ያየ ሰው ወጥቶ አወራ ማለት ነው። የግዕዝ ሥርዓት የሚከተሉ ካቶሊኮችም አሉ፣ እነሱን ጠጋ ብለህ ካላየህ ከኛ መለየቱ ራሱ ይከብዳል።

«ሰርቪስ የሚሉት፣ ችግረኛ መርዳቱ፣ ለፎቶ ነው፣ አሮጌ ልብስ ሰጥቶ መምጣት»

እዚህ ላይ እኔም ጥፋተኛ ነኝ። ዘጠነኛ ክፍል ሆነን ሄርማታ ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት ቤት ተላክን፣ ሰላሳ ልጅ ሆነን ዳቦ ማካሮኒ ዘይት ተሸክመን ሄድን፣ ቤቷ ሞላች፣ ተመረቅን፣ ደስ ብሎን ተመለስን። በሁለተኛው ሳምንት ማንም አልሄደም፣ በሦስተኛው ስንሄድ ዳቦው ሻግቶ ማካሮኒው ሳይነካ ተቀምጧል፣ ለካ ሴትዮዋ የቸገራቸው የሚበላ ሳይሆን ውሃ የሚቀዳላቸው ሰው ነበር።

አባ ሲሰማ አልተቆጣም፣ የቅዱስ ቪንሰንትን ታሪክ ነገረን (ጅማና ቦንጋ የሚያገለግሉት አባቶች የሱ ማህበር ናቸው፣ ላዛሪስት የሚባሉት)። በ1617 ሻቲዮን የምትባል የፈረንሳይ ከተማ ቄስ ሆኖ ሳለ፣ ቤተሰቡ በሙሉ የታመመበት ቤት አለ ብለው ይነግሩታል፣ ስብከቱ ላይ ያነሳዋል፣ ከሰዓት ሲሄድ መንገዱ ምግብ በያዘ ሰው ተሞልቷል። እሱ ግን ደስ ብሎት ዝም አላለም፣ ዛሬ ይህ ሁሉ ተርፎ ይበላሻል ነገ ደግሞ ይራባሉ ብሎ ሴቶቹን ሰብስቦ ተራ አወጣላቸው፣ የሴቶቹ የበጎ አድራጎት ማኅበርም ከዚያ ተጀመረ። እኛም ተራ አወጣን፣ ሁለት ሁለት ሆነን፣ አንድ ጀሪካን ይዘን። ፎቶ ማንሳት ራሱ ተረሳ፣ ጀሪካን ተሸክሞ ማን ፎቶ ይነሳል።

«ይሄ የመነኩሴ ስራ ነው፣ ተማሪ ማትሪኩን ያጥና»

ፍሬድሪክ ኦዛናም በ1833 ፓሪስ ላይ ድሆችን ቤት ለቤት የሚጎበኘውን፣ በቅዱስ ቪንሰንት ስም የተጠራውን ሌላ ማኅበር ከጓደኞቹ ጋር ሲጀምር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፣ ልክ 20 ዓመት በሞላው ቀን። መነኩሴም አልሆነም፣ በኋላ አግብቶ ወልዷል። ለማትሪኩ ደግሞ በሳምንት አንድ ሰዓት አይጎዳም፣ እኛን የጎዳን ቴሌግራም ነው።

«እሺ ሴትዮዋስ? እሳቸውን ሊለውጡ አይደል?»

ይሄን የጠየቀኝ የገዛ አጎቴ ነው። ሴትዮዋ ሙስሊም ናቸው። ጓደኛዬ አርብ ደርሶት ነበር፣ ጁምዓ ስላለበት ከኔ ማክሰኞ ጋር ተቀያየርን፣ እናም አርብ አርብ ስደርስ ብዙ ጊዜ ሰላት ላይ ነበሩ፣ እስኪጨርሱ ጀሪካኑን ይዤ በር ላይ እጠብቃቸው ነበር።