የመብረቅ ኬሚስትሪ በኮንጎ ተፋሰስ ሰማይ

የኮንጎ ተፋሰስ በምድር ላይ መብረቅ እጅግ ከሚበዛባቸው ሰፋፊ አካባቢዎች አንዱ ነው። የትሮፒክን (በምድር ወገብ ዙሪያ ያለውን ሞቃታማ ቀጠና) ዝናብ ለማጥናት እ.ኤ.አ. በ1997 የመጠቀችው ትሪም የተባለች ሳተላይት ለ16 ዓመታት በመዘገበችው መረጃ መሠረት፣ ከኪቩ ሐይቅ አጠገብ ባለችው በካባሬ አካባቢ በእያንዳንዱ ካሬ ኪሎ ሜትር በዓመት 205 ያህል ብልጭታዎች ይታያሉ። ከዚህ የሚበልጠው በቬኔዝዌላ የሚገኘው የማራካይቦ ሐይቅ ብቻ ሲሆን፣ የእሱ ቁጥር 233 ነው። ማራካይቦ ግን በአብዛኛው በሌሊት የሚታይና በአንድ ሐይቅ ዙሪያ የተወሰነ ክስተት ነው። የኮንጎው መብረቅ ደግሞ አንድ ሙሉ ክፍለ አህጉር የሚያክል ቦታ ይሸፍናል፤ ስለዚህም በከባቢ አየር ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ እስከ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይዘልቃል።

በዓለም ዙሪያ በየሰከንዱ በአማካይ 45 ያህል ብልጭታዎች ሲኖሩ፣ አብዛኞቹ በትሮፒክ የየብስ ክፍል ላይ ይደርሳሉ። ብልጭታው የሚሄድበት መስመር ስፋቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ሙቀቱ ግን 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል፣ ይህም ከፀሐይ ገጽ ሙቀት አምስት እጥፍ ያህል ነው። በዚህ ሙቀት የኦክሲጅን ሞለኪውሎች ይበታተናሉ። የተነጠለው የኦክሲጅን አቶም ከናይትሮጅን ሞለኪውል ጋር ሲገናኝ ናይትሪክ ኦክሳይድና አንድ ብቸኛ የናይትሮጅን አቶም ይፈጠራሉ፤ ይህ አቶም በተራው ሌላ የኦክሲጅን ሞለኪውል አግኝቶ ሁለተኛ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሠራል። አየሩ ቀስ ብሎ ቢቀዘቅዝ ኖሮ ውህዱ ተመልሶ በፈረሰ ነበር። ቅዝቃዜው ግን እጅግ ፈጣን ስለሆነ፣ ሙቀቱ ከ3,000 ዲግሪ በታች ሲወርድ ውህዱ ለመፍረስ ጊዜ አያገኝም።

በዓመት ከመብረቅ በናይትሪክ ኦክሳይድ መልክ የሚገኘው ናይትሮጅን ከ2 እስከ 8 ሚሊዮን ቶን ይገመታል። ይህ በፋብሪካና በተሽከርካሪ ከሚለቀቀው በእጅጉ ያንሳል፤ ከሁሉም ምንጮች ድምርም አንድ አሥረኛ ገደማ ቢሆን ነው። ይሁንና የመብረቁን ድርሻ በቶን ብቻ መመዘን ያሳስታል። ከጭስ ማውጫ የወጣው ጋዝ ምድር አጠገብ ስለሚቀር በሰዓታት ውስጥ ወደ ናይትሪክ አሲድነት ተለውጦ ይወገዳል። የነጎድጓድ ደመና ግን ከመሬት እስከ 15 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚወጣ በመሆኑ፣ መብረቅ የሠራውን ጋዝ አብዛኛውን አየሩ ቀዝቃዛና ስስ በሆነበት ከፍታ ላይ ይተወዋል፤ እዚያም ለቀናት ይቆያል። በትሮፒክ የላይኛው ትሮፖስፌር (ትሮፖስፌር ከምድር ገጽ ጀምሮ ያለው የታችኛው የከባቢ አየር ንብርብር ነው) ዋናው የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ምንጭ መብረቅ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

በዚያ ከፍታ እያንዳንዱ የናይትሪክ ኦክሳይድ ሞለኪውል ደጋግሞ ይሠራል። ደመናው ከደን ቃጠሎና ከዛፎች የሚወጡትን ካርቦን ሞኖክሳይድንና አይሶፕሪንን የመሰሉ ጋዞች ከታች ስቦ ያመጣል፤ እነሱ በአየር ውስጥ ከኦክሲጅን ጋር ሲዋሃዱ የሚፈጠሩት ራዲካሎች (በቀላሉ ከሌሎች ጋር የሚዋሃዱ ያልተረጋጉ ቅንጣቶች) ናይትሪክ ኦክሳይድን ወደ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይለውጡታል፤ የፀሐይ ብርሃን ደግሞ ይህን ሲሰነጥቀው ኦዞን ይፈጠራል፣ ናይትሪክ ኦክሳይዱም ተመልሶ ነፃ ይወጣል። ሂደቱ ቀናት ስለሚፈልግ ኦዞኑ የሚጨምረው ደመናው ባለበት ሳይሆን ከእሱ የወጣው አየር ርቆ ከሄደ በኋላ ነው። በደመናው ውስጥ እንዲያውም ትኩሱ ናይትሪክ ኦክሳይድ ያለውን ኦዞን ለጊዜው ሊቀንሰው ይችላል።

ይህ ነገር በደቡብ አትላንቲክ ላይ አንድ እንቆቅልሽ ፈጥሮ ነበር። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት በአፍሪካ ውስጥ የሣርና የደን ቃጠሎ የሚበዛው ከምድር ወገብ በስተሰሜን ነው፤ ከፍተኛው የኦዞን መጠን ግን የሚለካው በስተደቡብ ነበር። ቃጠሎ ብቻውን ምክንያት ቢሆን ኖሮ ሁለቱ በአንድ ወገን በተገኙ ነበር። በዚያ ወቅት ዝናብና ነጎድጓድ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ባለው የአፍሪካ ክፍል ላይ ስለሚጠነክሩ፣ ለልዩነቱ ዋነኛ ማብራሪያ የሆነው መብረቅ ነው። በደቡብ አትላንቲክ ካለችው ከአሴንሽን ደሴት በፊኛ በሚላኩ መሣሪያዎች በሚደረጉ ልኬቶችም የኦዞኑ መጨመር በመካከለኛውና በላይኛው የትሮፖስፌር ክፍል ይታያል።

መዘዙ በኦዞን አያበቃም። ናይትሪክ ኦክሳይድ ሃይድሮክሲል ራዲካልን ያበዛል፤ ሃይድሮክሲል ደግሞ የከባቢ አየር ዋነኛ ማጽጃ ነው፣ ሚቴንንም የሚያስወግደው በአብዛኛው እሱ ነው። ስለዚህ መብረቅ በአንድ በኩል ሙቀት አማቂ ጋዝ የሆነውን ኦዞን ሲጨምር በሌላ በኩል የሚቴንን ዕድሜ ያሳጥራል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ኮሎራዶና ኦክላሆማ አካባቢ በነጎድጓድ ደመና ውስጥ ያለፈ የምርምር አውሮፕላን ደግሞ መብረቅ ሃይድሮክሲልን በቀጥታም በብዛት እንደሚፈጥር መዝግቧል።

መብረቅ አፈርን ያዳብራል የሚለው ሐሳብም መሠረት አለው፤ ከናይትሮጅን ኦክሳይዶች የሚፈጠረው ናይትሪክ አሲድ በዝናብ ታጥቦ ናይትሬት ሆኖ መሬት ይደርሳልና። ሆኖም በአፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከአየር ከሚያስሩት ናይትሮጅን ጋር ሲነጻጸር መጠኑ ትንሽ ነው።

ምድር ስትሞቅ መብረቅ ይብዛ ወይስ ይቀንስ የሚለው ገና አከራካሪ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው ቀመር በየብስ ላይ የብልጭታው ብዛት ከደመናው አናት ከፍታ አምስተኛ ርቢ ጋር ይጨምራል ስለሚል፣ በከፍታው ላይ የሚደርስ ጥቂት ለውጥ እንኳ ውጤቱን በእጅጉ ያሳድገዋል። የኤሌክትሪክ ሙሌት የሚመነጨው ከበረዶ ቅንጣቶች ግጭት መሆኑን መነሻ ያደረጉ ሞዴሎች ግን በትሮፒክ ቅነሳ ያሳያሉ። ትሪም በምሕዋሯ ስትዞር እያንዳንዱን ቦታ የምታየው ለአጭር ጊዜ ብቻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የመጠቀችው አዲሷ የአውሮፓ ሜቴዎሳት ሳተላይት ግን ኮንጎንና የኢትዮጵያን ደጋ ጨምሮ አፍሪካን ቀንና ሌሊት ያለ ማቋረጥ የሚከታተል የመብረቅ መመዝገቢያ ይዛለች።