የአንጋፋ ባንድ አዲስ አልበም እንዴት ይዳኛል?

አንድ የሮክ ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ ሰሚው ከሌሎች ባንዶች ጋር ያስተያየዋል። አምስተኛውን ሲያወጣ ግን የሚፎካከረው ከራሱ ጋር ነው። «የድሮው ይሻል ነበር» የሚባለውም እዚህ ላይ ነው። በአልተርኔቲቭ ሮክ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ይህ ሙዚቃ በ1980ዎቹ አሜሪካና ብሪታኒያ ውስጥ ያደገው በአብዛኛው በኮሌጅ ሬዲዮዎችና በትንንሽ አሳታሚዎች በኩል ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሰሚው ባንዱን «የኔ» ብሎ ነው የሚይዘው። ራሱን እንዲደግም አይፈልግም፤ እንዲለወጥበትም አይፈልግም።

ፍርዱ የሚሰጥበት መንገድ ብዙ ነው። አሜሪካዊው የሙዚቃ ሃያሲ ሮበርት ክሪስጋው ከ1969 ጀምሮ በኒው ዮርኩ ቪሌጅ ቮይስ ጋዜጣ ላይ ለአልበሞች እንደ ተማሪ የፊደል ውጤት ይሰጥ ነበር። ፒችፎርክ የተባለው የሙዚቃ ድረ ገጽ ከ0.0 እስከ 10.0 ነጥብ ይሰጣል። በ2001 የተጀመረው ሜታክሪቲክ ድረ ገጽ ደግሞ የሃያስያኑን ነጥብ ሰብስቦ አማካዩን ያወጣል። ነጥብ ልግዛ አልግዛ ለሚል ሰው ይጠቅማል። አልበሙ ውስጥ ምን እንዳለ ግን አይነግርም።

ለዚህ ከብሪታኒያው ባንድ ሬዲዮሄድ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የኦክስፎርድሺር ልጆች ናቸው፤ አምስቱም የተዋወቁት ትምህርት ቤት ነው። በ1997 ባወጡት «ኦኬ ኮምፒውተር» ስማቸው ጣራ ነካ። ሰው ሁሉ ሌላ የጊታር አልበም ሲጠብቅ፣ ኦክቶበር 2000 ላይ «ኪድ ኤ» ወጣ። አስቀድሞ የተለቀቀ ነጠላ ዜማ የለም። የተለመደው የሙዚቃ ቪዲዮም የለም። አልበሙ ሲጀምር የሚሰማው ሞቅ ያለ የኪቦርድ ድምፅ ነው። ከዚያ የዘፋኙ ቶም ዮርክ ድምፅ ተቆራርጦ ከግራም ከቀኝም ይመጣል። ጊታር ብትጠብቅ የለም። ሦስተኛው ዘፈን ላይ አንድ የቤዝ ጊታር ዜማ እየተመላለሰ ይሄዳል፤ ቆይተው የትንፋሽ መሣሪያዎቹ እየተጋፉ ይገቡና እርስ በርስ ይጯጯሃሉ። እኔ ይህን ዘፈን የወደድኩት ደጋግሜ ከሰማሁት በኋላ ነው። መጀመሪያ ላይ ጆሮዬን አስጨንቆት ነበር።

ከመውጣቱ በፊት የአልበሙ ቅጂ ለሃያስያን አልታደለም። ቁጥጥር ባለበት ቦታ እየተጠሩ ነው የሰሙት። እንዲህ ያለ ሥራ በዚህ መልክ ተሰምቶ እንዴት ይፈረድበታል? ፒችፎርክ 10.0 ሰጠው። የብሪታኒያው የሙዚቃ መጽሔት ሜሎዲ ሜከር አጣጣለው። ደራሲው ኒክ ሆርንቢ ደግሞ ዘ ኒው ዮርከር መጽሔት ላይ፣ ሠርቶ የሚያድር ሰው ይህን ያህል ትዕግሥት ከየት ያመጣል የሚል ሙግት አነሳ። ሙግቱ ትክክለኛው ቦታ ላይ ያረፈ ይመስለኛል። አልበሙ በእርግጥም ጊዜ ይጠይቃል። እሱ ይህን እንደ ጉድለት ቆጠረው፤ እኔ አልቆጥረውም። አልበሙ በአሜሪካም በብሪታኒያም በሽያጭ አንደኛ ሆኖ ገባ። 2000ዎቹ ሲያልቁ ሮሊንግ ስቶን መጽሔት የአሥርቱ ዓመታት ምርጥ አልበም አለው።

ተቃራኒውም አለ። የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ባንድ አር.ኢ.ኤም. ከበሮ ተጫዋቻቸው ቢል ቤሪ በ1997 ሲለያቸው ሦስት ሆነው ቀጠሉ። በ1998 «አፕ» ሲወጣ ብዙ ሰው ያዳመጠው ያለውን ሳይሆን የጎደለውን ከበሮ ነው። ያ አልበም ተበድሏል ባይ ነኝ። በ2004 የወጣው «አራውንድ ዘ ሰን» ግን አልተበደለም። ጊታሪስቱ ፒተር በክ ራሱ ኋላ ላይ ስለ አልበሙ ሲናገር፣ በሥራው የተሰላቹ ሰዎች ድምፅ እንደሚሰማበት አልደበቀም። በ2008 አጭርና ፈጣን የሆነውን «አክሰለሬት» ሲያወጡ «ወደ ቀድሞ ብቃታቸው ተመለሱ» ተባለ። ይህን አባባል ሳነብ እጠራጠራለሁ። ብዙ ጊዜ ትርጉሙ «የማውቀውን ድምፅ መልሰው ሰጡኝ» ነው።

ከሁሉም የአሜሪካው ባንድ የዊዘር ታሪክ ያሳዝነኛል። የ1994 የመጀመሪያ አልበማቸው በሚሊዮኖች ተሸጠ። በ1996 «ፒንከርተን» መጣ፤ ድምፁ ሻካራ፣ ግጥሙ ገመናን አደባባይ የሚያወጣ ነው። የሮሊንግ ስቶን አንባቢዎች ከዓመቱ መጥፎ አልበሞች ተርታ አሰለፉት። ዘፋኙና የዘፈኖቹ ደራሲ ሪቨርስ ኩዎሞ ክፉኛ ተጎዳ፤ ለዓመታት ሥራውን ራሱ ሲያወግዘው ኖረ። በ2001 ወደ መጀመሪያው አልበም ፕሮዲዩሰር ተመልሶ አጫጭር፣ ምንም ምስጢር የማያወጡ ዘፈኖች ሠራ። በዚያ ጊዜ ግን «ፒንከርተን» በወጣቶች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ተወዳጅ ሆኗል። አዲሱን አልበም ገዝተው ቤት የገቡ አድናቂዎች ቅሬታ ምን ነበር? «እንደ ፒንከርተን አይደለም።»