ብረት ላይ በእጅ መቅረጽ፦ ከጅማ ሆኖ ለሚጀምር

ጅማ ላይ የእጅ ሥራ ሲባል ቀድሞ የሚመጣው እንጨት ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከተማዋን ያስጠራል። ብረት ላይ መቅረጽ የዚያ ሥራ የሩቅ ዘመድ ነው። ሁለቱም የማይፈለገውን እየቆረጡ መጣል ናቸው።

መቅረጽ ከመጫር ይለያል። ምስማር ብረት ላይ ሲጎተት ብረቱን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ያልፋል፤ ዳሩም ሻካራ ይሆናል። መቅረጫ ግን ወደ ፊት እየተገፋ ይቆርጣል። ከጫፉ ፊት እንደ ድንች ልጣጭ የተጠቀለለች ቀጭን ፍቅፋቂ ትወጣለች። የቀረው ቦይ ንጹሕ ስለሆነ ብርሃን ሲያርፍበት ብልጭ ይላል። ሰው ሁሉ ለዚያች ብልጭታ ብሎ ነው የሚጀምረው።

ሥራው ለአገራችን አዲስ አይደለም። በሰም ቅርጽ የሚፈሰሱት መስቀሎች ላይ የምናየው ሐረግ ብዙ ጊዜ ከቀዘቀዙ በኋላ በእጅ የተቀረጸ ነው። ብር አንጥረኞችም ማርትሬዛ የሚባለውን የድሮ የብር ገንዘብ እያቀለጡ ጌጥ ይሠሩ ነበር። በአባ ጅፋር ዘመን ማርትሬዛ የጅማ ነጋዴ መገበያያ ነበር። አንዱ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 83 በመቶው ብር ነው። መቼም ይመታ መቼ፣ ላዩ ላይ ያለው ዓመት 1780 ነው። ከአያታችሁ ሣጥን አንድ ካገኛችሁ፣ አደራ፣ ለልምምድ አትንኩት።

ለልምምድ የሚሆነው ነሐስ ነው። ከቧንቧ ዕቃ ሻጮች ወይም ከቁራሌው የሚገኝ 2 ሚሊ ሜትር የሚሆን ጠፍጣፋ ቁራጭ ይበቃል። መዳብ ለስላሳ ነው ተብሎ ይመረጣል፤ ግን ጫፉን ይዞ ይጎትታል። ተራ ላሜራም ጥሩ ነው። የማይዝግ ብረት ለኋላ ይቆይ፤ ለጀማሪ ጫፍ መስበሪያ ነው። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ደግሞ በጣም ስስ ነው። ቁራጩን በ600 ከዚያም በ1200 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ለስልሱት።

መቅረጫውን ለመግዛት 350 ኪሎ ሜትር ተጉዞ መርካቶ መውረድ አያስፈልግም። ያረጀ ትንሽ ባለ አራት ማዕዘን ሞረድ በቂ ነው። ጥርሱ በግራይንደር ይጠፋል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሞረዱ ግሎ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ትንሽ ማስነካት፣ ውኃ ውስጥ መንከር፣ እንደገና ማስነካት። እጀታው መዳፍ ውስጥ የሚቀመጥ የእንጉዳይ ቅርጽ ያለው እንጨት ነው። በርጩማ ሠሪ ጋ የወደቀች የዋንዛ ቁራጭ ለዚህ ልክ ናት። ሲያዝ ጫፉ ከአውራ ጣት 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢያልፍ ይበቃል።

ቀጥሎ መቅረጫውን መሳል፣ ማለትም ስል ማድረግ። በእኔ እምነት ሙያው ግማሹ እዚህ ነው። የጫፉ ፊት 45 ዲግሪ ሰያፍ ይሆናል። ከዚያ ከሥር ያሉት ሁለቱ ጎኖች ጫፉ አጠገብ 15 ዲግሪ ያህል ይሳሉና ትንሽ ተረከዝ ይፈጠራል፤ ርዝመቷ ከግማሽ ሚሊ ሜትር አትበልጥም። ተረከዝ የሌለው መቅረጫ ብረቱ ውስጥ ይሰምጥና አልነቃነቅ ይላል። ማዕዘኑን በዓይን ለመጠበቅ አትታገሉ። አናጢ በ45 ዲግሪ የቆረጠላችሁን እንጨት ደገፍ አድርጋችሁ ሳሉ። መሳሉን ለማወቅ ጫፉን ጋደል አድርጋችሁ የአውራ ጣት ጥፍር ላይ አሳርፉት። ያዝ ካደረገ ስል ነው። ከተንሸራተተ ብረቱም ላይ ይንሸራተታል፤ መጨረሻው ደግሞ ሌላኛው እጃችሁ ነው። ለዚህ ነው ግራ እጅ በጭራሽ ከጫፉ ፊት የማይቀመጠው። የዓይን መከላከያ መነጽርም አይዘንጋ። ፍቅፋቂውን በብሩሽ እንጂ በመዳፍ አትጥረጉ።

ቁራጩ በሱፐር ግሉ እንጨት ላይ ይጣበቃል። እንጨቱ በአሸዋ በተሞላ የቆዳ ከረጢት ላይ ያርፋል። ከረጢቱ ቀላል ቢመስልም የድሮ ቀራጮች ሁነኛ ዕቃ ነበር። ኩርባ ሲመጣ እጅ አይዞርም፤ ሥራው ነው ከእንጨቱ ጋር ከረጢቱ ላይ የሚዞረው። ማጉያ ከፈለጋችሁ ሰዓት ሠሪ ወይም ሞባይል ጠጋኝ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ።

የመጀመሪያው ሳምንት ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነው፤ ያሰለቻል። ቀጥሎ ፊደል። «በ» በቀላሉ ይወጣል። «ዐ» ግን ጉድ ያደርጋል፤ መነሻና መድረሻው አልገናኝ ይላል። ከፊደል በኋላ የቡና ቅጠል ሞክሩ፤ ጅማ ላይ ሞዴል አይጠፋም። መሐል ያለው ጅማት በአንድ ትንፋሽ ይቆረጣል። ከሱ የሚወጡት ጥንድ ጥንድ ጅማቶች ዳሩ ጋ ሳይደርሱ ይታጠፋሉ። መቅረጫውን በመጠኑ ጋደል ስታደርጉት መስመሩ ይሰፋል፤ ስታቃኑት ይቀጥናል። ሲያልቅ ጥላሸት በዘይት ለውሳችሁ ላዩ ላይ እሹና በጨርቅ ጥረጉት። ቦዮቹ ጠቁረው ይቀራሉ። ያመለጠችው ጫፍ የጫረችውም አብራ ትጠቁራለች።