ስለ ሰማያዊው አጋዘን የሚወራው እና እውነታው

ጀርመናዊው ፍራንዝ ማርክ በ1913 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) «የእንስሳት ዕጣ ፈንታ» የሚባል ትልቅ ሥዕል ሠርቷል። አሁን ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ሙዚየም ውስጥ ነው። ጫካው እየፈረሰ ነው፣ ፈረሶች ይራወጣሉ፣ መሃል ላይ አንድ ሰማያዊ አጋዘን አንገቱን ወደ ላይ ቀልብሶ ቆሟል። ኤክስፕሬሽኒዝም (ስሜትን በተጋነነ ቀለምና ቅርጽ የሚገልጽ የሥዕል ስልት) በተነሳ ቁጥር ይሄ ሥዕል ይነሳል፣ የተሳሳተው ወሬም አብሮት።

«የጦርነት ሥዕል ነው።»
አይደለም። አንደኛው የዓለም ጦርነት የፈነዳው በ1914 ነው። ግን ወሬው ከሰማይ ዱብ አላለም፤ ማርክ ራሱ በ1915 ግንባር ላይ እያለ ሥዕሉ የታተመበት ፖስትካርድ ደርሶት ክው ብሏል፣ የዚህ ጦርነት ትንቢት ይመስላል፣ እኔ መሳሌን ማመን ያቅተኛል ብሎም ለሚስቱ ጽፏል። በ1916 ፈረንሳይ፣ ቬርደን ውጊያ ላይ ተገደለ።

«በስተቀኝ ያለው ቡናማ የሐዘን ምልክት ነው።»
በዚህ ላይ ስንት ጥልቅ ትንታኔ ይሰጣል መሰላችሁ! ነገሩ እሳት ነው። ማርክ ከሞተ በኋላ ሥዕሉ የተቀመጠበት መጋዘን ተቃጥሎ የቀኙ ሲሶ ገደማ ተበላሸ። ወዳጁ ሠዓሊው ፓውል ክሌ በ1919 ጠገነው። ከግራ ጀምራችሁ እዩት፦ ላይ አረንጓዴዎቹ ፈረሶች፣ ታች የዱር አሳማዎቹ፣ ቀለሙ ሁሉ ይጮኻል። ቀኝ ጋ ስትደርሱ ቅርጹ አለ፣ አጋዘኖቹም አሉ፣ ቀለሙ ግን ጭስ የለበሰ ይመስላል። በነገራችን ላይ የሥዕሉን ስም ያቀረበውም ክሌ ነው። ማርክ መጀመሪያ ያሰበው «ዛፎቹ ቀለበታቸውን፣ እንስሳቱ ደም ሥራቸውን አሳዩ» የሚል ነበር። እኔ ብሆን ይሄኛውን አልለውጠውም።

«መሳል ስለማይችል ነው ሰማያዊ ያደረገው።»
ሰውዬው እኮ ሙኒክ ውስጥ የእንስሳት አናቶሚ ያስተምር ነበር! ቀለሙንም በዘፈቀደ አልመረጠም። በ1910 ለጓደኛው ለአውጉስት ማከ በጻፈው ደብዳቤ ሰማያዊ ወንዴና መንፈሳዊ፣ ቢጫ ሴቴ፣ ለስላሳና ደስተኛ፣ ቀይ ደግሞ ከባድና ጨካኝ ቁስ ነው ይላል። የወንድና የሴቱን ክፍፍል ዛሬ ማን ይቀበለዋል? ቢሆንም ሰማያዊው አጋዘን በቀይ ተከቦ የቆመው እንዲሁ እንዳልሆነ ይገባችኋል።

«ናዚዎች የጠሉት ሀገር ስለከዳ ነው።»
ለጀርመን ሲዋጋ የሞተ ሰው ነው። ሥዕሉን ግን «ብልሹ ጥበብ» ብለው ሃሌ ከተማ ካለው ሙዚየም ነጠቁት፣ ባዝል በ1939 ገዛው።