ባዮፊልም ምንድን ነው? የሽሪምፕ ጫጩቶችን የሚያሳድገው ሙልጭልጭ ሽፋን

ውሃ ከርሞ የቆየበትን ጀሪካን ውስጡን በጣት ዳብሱት። ያሙለጨልጫል። ደሴ ላይ ውሃ እያጠራቀመ የሚኖር ቤት ሁሉ ይህን ያውቃል። ጠጠርና ውሃ ጨምረን ስንንጠው ይለቃል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ይህ ሙልጭልጭ ነገር ባዮፊልም ይባላል። ከመጠጥ ውሃ ዕቃ ላይ ታጥቦ መውጣት አለበት፣ በዚህ ድርድር የለም። ቤቱ ውስጥ ሽሪምፕ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚኖር ባለ ብዙ እግር ትንሽ ፍጥረት፣ ለሚያራባ ሰው ግን በገንዘብ ከሚገዛ መኖ ሁሉ ይበልጣል።

ነገሩ የሚጀምረው በባክቴሪያ ነው። ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ባክቴሪያ መስታወት፣ ድንጋይ ወይም ቅጠል ሲያገኝ ይለጠፋል። ከተለጠፈ በኋላ ስኳርነት ያለው ሙጫ ያመነጫል፣ እዚያው ሙጫው ውስጥ ሆኖ ይባዛል። ሙጫው ሌላውንም ይይዛል። አልጌ ይመጣል፣ ፈንገስ ይመጣል፣ እነሱን የሚበሉ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ይከተላሉ። በቀናት ውስጥ ስስ ሽፋን ይሆናል፣ በሳምንታት ይወፍራል። ሐይቅ ከተማ ሄዳችሁ ውሃው ዳር ያለ ድንጋይ ረግጣችሁ አዳልጧችሁ ከሆነ፣ የረገጣችሁት ይህንኑ ነው። ጠዋት ጥርሳችን ላይ የምናገኘው ነጭ ሽፋንም እሱው ነው። ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሊቨንሁክ እ.ኤ.አ. በ1683 ከጥርሱ ላይ ፍቆ በራሱ በሠራው ማጉያ ሲያየው፣ ውስጡ የሚንቀሳቀሱ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ሞልተውት አገኘ።

አሁን ወደ ሽሪምፑ እንምጣ። ለጀማሪ የሚሻለው ቼሪ ሽሪምፕ የሚባለው ነው። አገሩ ቻይናና ታይዋን ነው። ካደገ በኋላ እንኳ ከ3 ሳንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ሴቷ ከ20 እስከ 30 የሚሆኑ እንቁላሎችን ሆዷ ሥር ታቅፋ፣ በመዋኛ እግሮቿ እያራገበች፣ አንድ ወር ገደማ ትቆያለች። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆኑ ነው። መልካቸው ግን የእናታቸው ነው። አማኖ የሚባለው ሌላው የሽሪምፕ ዓይነት ዕጮች ለማደግ ጨው ያለው ውሃ ይፈልጋሉ፤ እነዚህ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በንጹሕ ውሃ ይኖራሉ። ከባሕር ርቀን ወሎ ደጋ ላይ ተቀምጠን ልናራባቸው የምንችለውም ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ከተፈለፈሉ በኋላ ነው። ሃያ ምናምን ጫጩት ይታያል፣ ደስ ይላል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሦስት አራት ብቻ ይቀራሉ። ውሃው ጥሩ ነው፣ የሚበላቸው ዓሣ የለም፣ መኖውም በየቀኑ ይጣላል። ታዲያ ምን ነካቸው? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ረሃብ ነው። እኛ የምንጥለው ምግብ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል። ትልቁ ሽሪምፕ ያሸተዋል፣ ሄዶም ይደርስበታል። ጫጩቱ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተፈለፈለበት ቦታ ብዙም አይርቅም። 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው አኳሪየም (ሽሪምፑ የሚኖርበት የመስታወት የውሃ ዕቃ) የገላውን 300 እጥፍ ነው። ስለዚህ ምግቡ እሱ ካለበት ቦታ መገኘት አለበት። የቆመበት ቅጠል ራሱ የሚበላ መሆን አለበት። ጥግ ለጥግ፣ ከድንጋይ ሥር፣ ከቅጠል ጀርባ ሳይቀር ምግብ ማድረስ የሚችለው ባዮፊልም ነው። መኖ ቢፈጭም፣ ቢነሰነስም እንደሱ አይዳረስም።

ማጉያ መነጽር ካገኛችሁ መስታወቱ ላይ የቆመ አንድ ሽሪምፕ መርጣችሁ እዩት። ከፊት ያሉት ሁለት ጥንድ እግሮቹ ጫፋቸው ላይ ደቃቅ መቆንጠጫ አላቸው። መቆንጠጫዎቹ ጫፍ ላይ የጸጉር ብሩሽ አለ። በግራው ይፍቅና ወደ አፉ፣ በቀኙ ይፍቅና ወደ አፉ። አንደኛው እጅ አፍ ጋ ሲደርስ ሌላኛው ገና እየፋቀ ነው። ሌሊት ተነስታችሁ በሞባይል መብራት ብታዩትም እዚያው ሥራው ላይ ታገኙታላችሁ። ይህን ማየት ለእኔ የማይሰለች ነገር ነው። ጫጩቶቹም ያንኑ ያደርጋሉ፣ በዓይን ለመለየት በሚያስቸግር መጠን።

ባዮፊልም ሌላም ሥራ አለው። ከሽሪምፑ ኩስና ከተረፈ ምግብ አሞኒያ ይወጣል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። ሽፋኑ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ በጣም ወደሚያንሰው ናይትሬት ይቀይሩታል። አዲስ አኳሪየም ውሃ ተሞልቶ በማግስቱ ሽሪምፕ የማይገባበት ለዚህ ነው። ስድስት ሳምንት፣ ከተቻለ ሁለት ወር፣ ፊልተሩ (ውሃ ማጣሪያው) እየሠራ ባዶውን ይቆይ። የምታውቁት ሰው የቆየ አኳሪየም ካለው ከፊልተሩ ስፖንጅ ቆርጦ ቢሰጣችሁ ጊዜው ያጥራል። የትናንቱ እርሾ የዛሬውን ሊጥ እንደሚያነሳው ሁሉ፣ አሮጌው ስፖንጅ አዲሱን ቤት ያስጀምራል። ፊልተሩም የስፖንጅ ዓይነት ይሁን። ጫጩት አይስብም፣ ስፖንጁ ራሱም በባዮፊልም ይሞላል፤ ጫጩቶቹ ላዩ ላይ ተሰልፈው ሲለቅሙ ታያላችሁ።

የባዮፊልምን ጠላቶች ማወቅ ግድ ነው። የመጀመሪያው ክሎሪን ነው። የቧንቧ ውሃ የሚታከምበት ክሎሪን ባክቴሪያን ለመግደል ነው የተጨመረው፣ የእኛንም ባክቴሪያ አይምርም። ውሃውን በባልዲ ክፍት አድርጋችሁ ቢያንስ 24 ሰዓት አሳድሩት። ውሃ አጋር የተባለው የመጠጥ ውሃ ማከሚያ የገባበት ውሃ ከሆነ ደግሞ ለአኳሪየም ባትጠቀሙበት ይሻላል። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ አትጠቡ፤ ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት ውሃ ቀስ ብላችሁ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ መልሱት። በረኪና በአካባቢው አይዙር። ፍሊት ደግሞ ሽፋኑን ሳይሆን ሽሪምፑን ራሱን ነው የሚጨርሰው፤ ሽሪምፕ ከነፍሳት ጋር የሚዛመድ ፍጥረት ነው፣ በረሮ የሚገድል ነገር እሱንም ይገድላል። መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒትም እንደዚያው ነው።

ትልቁ ጠላት ግን የእኛው የጽዳት ፍቅር ነው ብዬ አምናለሁ። እንግዳ ሲመጣ መስታወቱ አራቱም በኩል እንዲያበራ እንፈልጋለን። የፊቱን ጠርጉ፣ ለማየት ያስፈልጋል። የጀርባውንና የጎኖቹን ተዉት። አረንጓዴ ይሁን፣ ቡናማ ይሁን፣ ይልበስ። ውሃም ስትቀይሩ በሳምንት ከ10 እስከ 15 በመቶው ይበቃል።

ባዮፊልም እንዲበዛ የሚለጠፍበት ቦታ መብዛት አለበት። ከሁሉ የሚቀለው ደረቅ ቅጠል ነው። ኮምቦልቻ ያላችሁ ታድላችኋል፤ የጓቫ፣ ማለትም የዘይቱን ቅጠልና የሙዝ ቅጠል ከደጃችሁ አይጠፋም። መድኃኒት ካልተረጨበት ዛፍ፣ ራሱ ደርቆ የወደቀውን ልቀሙ። አጥባችሁ ለጥቂት ደቂቃ የፈላ ውሃ ውስጥ ክተቱት፣ ቶሎ ይሰምጣል። ለ40 ሊትር አንድ ሁለት ቅጠል ይበቃል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ነጭ ሻጋታ መሰል ነገር ቢለብስ አትደንግጡ፣ ሽሪምፖቹ ይጨርሱታል። ወር ሳይሞላ ከቅጠሉ የሚቀረው ጅማቱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ባሕር ዛፍ ግን አይሆንም። ደሴ ዙሪያውን ባሕር ዛፍ ነው፣ ቅጠሉ እግር ሥር ስለሚገኝ ያጓጓል፤ ዘይቱ ግን ለሽሪምፕ ጥሩ አይደለም። ድንጋይም ስትለቅሙ ፍሳሽ ከሚገባበት ወንዝ አታምጡ። ቦርከና ከተማ መሃል አልፎ የሚሄድ ወንዝ ነው፣ ምን ይዞ እንደሚወርድ ታውቃላችሁ።

ደሴና ኮምቦልቻ ቅርብ ለቅርብ ቢሆኑም ለዚህ ሥራ አንድ አይደሉም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ቼሪ ሽሪምፕ ቅዝቃዜን ይችላል፣ ግን ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ሲሆን ነው በደንብ የሚራባው። ባዮፊልሙም ሲበርደው እድገቱ ይዘገያል። ስለዚህ ደሴ ላይ የውሃ ማሞቂያ ማስገባት፣ ካልሆነም አኳሪየሙን ከመስኮትና ከሲሚንቶ ወለል ማራቅ ያስፈልጋል። ከደሴ ዝቅ ብላ የምትገኘውና ሞቅ የምትለው ኮምቦልቻ ግን አብዛኛውን ዓመት ያለ ማሞቂያ ልትሆን ትችላለች።

ከፍታው ሌላም ነገር አለው። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ እኩል ሙቀት ያለው ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ባዮፊልም ደግሞ ይተነፍሳል። መብራት ሲጠፋና የአየር ፓምፑ ሲቆም ሽሪምፑና ሽፋኑ ለአንድ ኦክስጅን ይሻማሉ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ካላችሁ አዘጋጁ። ከሌላችሁ ከአኳሪየሙ በኩባያ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አንቆርቁሩ። መብራት በጠፋበት ሰዓት ደግሞ ምግብ አትጣሉ።

ሽፋኑ በቂ መሆኑን ሽሪምፖቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል። አንድ ቁራጭ የተቀቀለ ቆስጣ ጣሉና ሰዓት ያዙ። ቀስ እያሉ ከመጡ፣ ግማሾቹም ድንጋያቸው ላይ ሆነው መፋቃቸውን ከቀጠሉ፣ ቤቱ ጠግቧል። ሁሉም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተሯሩጠው ከተከመሩበት ግን ሽፋኑ አልቋል ማለት ነው። ያኔ ቅጠል ጨምሩ፣ ትልልቆቹንም ቀነስ አድርጋችሁ መጀመር ለሚፈልግ ጎረቤት ስጡ። ስትሰጡ ከስፖንጁም ቆርጣችሁ አብራችሁ ስጡት። ወደ ቦርከናም ሆነ ወደ ሐይቅ ግን አንድም አትልቀቁ፤ አገራቸው አይደለም፣ እዚያ ያለውን ፍጥረት ሊጎዱ ይችላሉ።