የኒውክሌር ቁጥጥር የመረጃ ተንታኞች

የኒውክሌር ቁጥጥር ሲባል ብዙ ሰው ዓይን ላይ ቶሎ የሚመጣው ነጭ ጋውን ለብሶ፣ የጨረር መለኪያ ይዞ ፋብሪካ ውስጥ የሚዞር ሰው ነው። እሱ ተቆጣጣሪው ነው። የት እንደሚሄድና ምን እንደሚጠይቅ አስቀድመው የሚያጠኑለት ግን ቢሮ የሚውሉ ሌሎች ባለሙያዎች ናቸው። የመረጃ ተንታኞች ይባላሉ። አንድ መንግሥት ስለ ኒውክሌር ሥራው የሚናገረው ነገር እርስ በርሱ ይገጥም እንደሆነ ያጣራሉ።

ሥራው በባህሪው ምስጢራዊ ነው። በይፋ የሚታወቀው በአብዛኛው ድርጅቱ ራሱ ካወጣቸው ሪፖርቶችና አደባባይ ከወጡ ጥቂት ትላልቅ ጉዳዮች ነው። ይህ ዳሰሳም በእነሱ ላይ ያተኩራል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የት ይሠራሉ?

ዋናው ቀጣሪ በ1957 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ነው። መቀመጫው ቪየና ነው። በሥሩ ሴፍጋርድስ የሚባል የቁጥጥር መምሪያ አለ፤ ተንታኞቹ የሚገኙት እዚያ ነው። አንዱ ቡድን አገሮች የሚልኩትን የኒውክሌር ቁስ ሒሳብ ይመረምራል። ሌላው ለማንም ክፍት የሆኑ ምንጮችንና የንግድ መረጃን ይከታተላል። የሳተላይት ምስል የሚያነቡ አሉ፤ የስታትስቲክስ ሰዎችም አሉ።

እዚያው ቪየና፣ በዚያው ግቢ፣ የኒውክሌር ሙከራን የሚያግደው ስምምነት ድርጅትም ይገኛል። የእሱ ተንታኞች የምድር ንዝረትንና በአየር ላይ የሚንሳፈፍ የጨረር ቅንጣትን ያነባሉ። ሰሜን ኮሪያ ከ2006 እስከ 2017 ያፈነዳቻቸውን ስድስቱንም ቦምቦች ጣቢያዎቹ መዝግበዋል። አውሮፓ ዩራቶም የሚባል፣ የራሱ የኒውክሌር ቁጥጥር ያለው ማኅበረሰብ አላት። ብራዚልና አርጀንቲናም በ1991 ያቋቋሙት የጋራ ቁጥጥር ድርጅት አላቸው።

የሒሳብ ዘመን

እስከ 1990 ድረስ ያለው ታሪክ በአጭሩ ሊነገር ይችላል። የኒውክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለው ስምምነት በ1970 ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ በኋላ አገሮች ያላቸውን የኒውክሌር ቁስ እየቆጠሩ ያስመዘግባሉ፤ ኤጀንሲው ደግሞ ቆጠራውን ያረጋግጣል። መለኪያው ዛሬም አልተቀየረም። አንድ ቦምብ ሊሠራባቸው ይችላል ተብለው የተያዙት መጠኖች 8 ኪሎ ፕሉቶኒየም፣ ወይም በከፍተኛ ደረጃ በበለጸገ (የዩራኒየም 235 ድርሻው ከተፈጥሮው በላይ እንዲያድግ በተደረገ) ዩራኒየም ውስጥ ያለ 25 ኪሎ ዩራኒየም 235 ናቸው።

ሒሳቡ ቀላል ይመስላል። የነበረው ሲደመር የገባው፣ ሲቀነስ የወጣው፣ ሲቀነስ አሁን ያለው። ውጤቱ ዜሮ መሆን ነበረበት። በትልቅ ፋብሪካ ግን ዜሮ አይመጣም። ጃፓን ውስጥ ቶካይ በሚገኘው፣ ከተቃጠለ የኒውክሌር ነዳጅ ፕሉቶኒየም በሚለይበት ፋብሪካ የ25 ዓመት ሒሳብ ሲደመር፣ በ2003 መጀመሪያ 206 ኪሎ ፕሉቶኒየም ጎደለ ተባለ። ስሌቱ እንደገና ሲታይ ወደ 59 ኪሎ ወረደ። ተሰርቋል ያለ የለም። እንዲህ ያለ ጉድለት የልኬት ስህተት ነው ወይስ ሌላ ነገር የሚለውን መለየት የስታትስቲክስ ተንታኞች የዕለት እንጀራ ነው።

1991፦ አፍንጫ ሥር የነበረው ጉድ

ሙያው ዛሬ ያለውን መልክ የያዘው በኢራቅ ምክንያት ነው። ተቆጣጣሪዎች ቱዌይታ ወደሚባለው የኢራቅ የኒውክሌር ማዕከል በየጊዜው ይሄዱ ነበር። የተመዘገበውን ቁስ ይቆጥራሉ፣ ሒሳቡ ይገጥማል፣ ይመለሳሉ። በዚያው ግቢ ውስጥ ያልተመዘገቡ ሕንፃዎች ነበሩ። ወደዚያ መግባት ግን ሥልጣናቸው አልነበረም።

ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ የጸጥታው ምክር ቤት በሩን አስከፈተ። ሰኔ 1991 ፋሉጃ አካባቢ የነበረ የተቆጣጣሪዎች ቡድን ግዙፍ የብረት ዕቃ የጫኑ መኪናዎች ሲሸሹ አይቶ ፎቶ አነሳ። የኢራቅ ወታደሮች ወደ ሰማይ ተኮሱ። በመኪናዎቹ ላይ የተጫነው ካልዩትሮን ነበር፤ ዩራኒየምን በማግኔት ኃይል የሚያበለጽግ መሣሪያ። አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተጠቀመችበትና በኋላ የተወችው ዘዴ ነው። አሠራሩም ከዓመታት በፊት ታትሞ ወጥቷል። ጊዜ ያለፈበት ነው ተብሎ ስለታሰበ ማንም አልጠበቀውም። ተንታኞች እስከ ዛሬ ከዚህ የወሰዱት ትምህርት ግልጽ ነው፦ «ይህን ዘዴማ ማንም አይጠቀምም» የሚባል ነገር የለም።

ያ ጉዳይ ሳይበርድ ደቡብ አፍሪካና ሰሜን ኮሪያ ተከተሉ። ደቡብ አፍሪካ በ1991 ስምምነቱን ፈረመች። መጋቢት 1993 ፕሬዚዳንት ደ ክለርክ አገሪቱ ስድስት ቦምቦች ሠርታ እንደበታተነቻቸው አስታወቁ። ኤጀንሲው የማበልጸጊያ ፋብሪካውን የዓመታት መዝገብ አገላብጦ ሲያጠና ሒሳቡ የሚታመን ሆኖ አገኘው። መንግሥት ሲተባበር ሥራው እንዲህ ይሳካል።

ሰሜን ኮሪያ ግን ሌላ ነበረች። በ1992 ባቀረበችው መግለጫ፣ በ1990 አንድ ጊዜ ብቻ 90 ግራም ገደማ ፕሉቶኒየም ለይቻለሁ አለች። ተቆጣጣሪዎቹ ናሙና ወሰዱ። እዚህ ላይ ፊዚክሱን ትንሽ ማየት ያስፈልጋል። ፕሉቶኒየም 241 የሚባለው ዝርያ ቀስ በቀስ ወደ አሜሪሲየም 241 ይለወጣል፤ ግማሹ ለመለወጥ 14 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ፕሉቶኒየም ከተቃጠለ ነዳጅ ተለይቶ ሲወጣ አሜሪሲየሙ አብሮ ይጸዳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደገና ከዜሮ ይጠራቀማል። ስለዚህ የሁለቱን መጠን ያነጻጸረ ሰው ፕሉቶኒየሙ መቼ እንደተለየ ያውቃል። የናሙናው ውጤት የሚለው አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግማ እንደለየች ነበር።

የካቲት 1993 የኤጀንሲው የገዢዎች ቦርድ በዝግ ስብሰባ የአሜሪካ የስለላ ሳተላይት ምስሎችን አየ። የኒውክሌር ቆሻሻ የሚከማችባቸው ቦታዎች በአፈርና በዛፍ ሲሸፈኑ ይታያል። ዋና ዳይሬክተሩ ሃንስ ብሊክስ ልዩ ፍተሻ ጠየቁ። ፒዮንግያንግ እምቢ አለች፤ መጋቢት ላይም ከስምምነቱ እወጣለሁ አለች።

እነዚህ ጉዳዮች በ1997 ተጨማሪ ፕሮቶኮል የሚባለውን ሰነድ ወለዱ። በእሱ መሠረት አገሮች የኒውክሌር ቁስን ብቻ ሳይሆን ምርምርን፣ በግቢው ያለውን እያንዳንዱን ሕንፃና ወደ ውጭ የሚልኩትን ልዩ መሣሪያ ጭምር ያሳውቃሉ። ዛሬ ከ140 በላይ አገሮች ተቀብለውታል። «የተመዘገበው ትክክል ነው ወይ?» ከሚለው ጥያቄ በተጨማሪ «ያልተመዘገበ አለ ወይ?» የሚለውም መደበኛ ሥራ ሆነ። ሁለተኛውን በቆጠራ ብቻ መመለስ አይቻልም። ተንታኝ ያስፈልጋል።

የኒጀር ደብዳቤዎች

በሙያው ታሪክ በጣም የሚነገርለት ሥራ በ2003 የተሠራው ነው። አሜሪካና ብሪታንያ ኢራቅ ከኒጀር ዩራኒየም ልትገዛ ሞክራለች ይሉ ነበር። ኤጀንሲው ማስረጃውን አምጡ ብሎ ወራት ጠበቀ። ሰነዶቹ የደረሱት የካቲት 2003 ነው። የኢራቅን ጉዳይ የሚከታተለውን የኤጀንሲውን ቡድን የሚመሩት ፈረንሳዊው ዣክ ቦት ነበሩ።

ሰነዶቹን ለመጣል ምንም የተራቀቀ መሣሪያ አላስፈለገም። ማንም ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚጠቀምበት የኢንተርኔት ፍለጋ በቂ ነበር። በ2000 ተጻፈ የተባለ አንድ ደብዳቤ ሥር የሰፈረው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ስም፣ በ1989 ሥልጣን የለቀቀ ሰው ነው። ሌላው የፕሬዚዳንቱ ነው የተባለ ደብዳቤ የሚጠቅሰው የ1965ን ሕገ መንግሥት ነው፤ ኒጀር ግን በዚያን ጊዜ የምትተዳደረው በ1999 በጸደቀ ሌላ ሕገ መንግሥት ነበር። ትልልቆቹ የስለላ ድርጅቶች ለወራት ይዘውት የቆዩት ወረቀት በአጭር ጊዜ ውስጥ ውሃ የማይቋጥር ሆኖ ተገኘ።

መጋቢት 7 ቀን 2003 ዋና ዳይሬክተሩ መሐመድ ኤልባራዳይ ለጸጥታው ምክር ቤት ሰነዶቹ እውነተኛ አይደሉም ብለው ተናገሩ። ለማበልጸጊያ የተገዙ ናቸው የተባሉት የአሉሚኒየም ቱቦዎችም ለሮኬት የታሰቡ እንደሚመስሉ አስረዱ። ከ13 ቀን በኋላ ጦርነቱ ተጀመረ። ድርጅቱ ግን አልተሳሳተም። አሜሪካ ራሷ ያሰማራችው የፍለጋ ቡድን በ2004 የኢራቅ የኒውክሌር ፕሮግራም ከ1991 በኋላ እንዳልቀጠለ ደምድሟል። በ2005 የኖቤል የሰላም ሽልማት ለኤጀንሲውና ለኤልባራዳይ ሲሰጥ ይህ ሁሉ ትዝ ያላለው ሰው ያለ አይመስልም።

ቅንጣትና ጥላ

ተቆጣጣሪ ከሚያመጣው ሁሉ ለተንታኝ የሚጣፍጠው 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ነው። ግድግዳ፣ ጠረጴዛ፣ የአየር ማስወጫ ይጠረግበታል። ከዚያ በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ ከቪየና ወጣ ብሎ ወዳለው የዛይበርስዶርፍ ቤተ ሙከራና በተለያዩ አገሮች ወዳሉ ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ይላካል። ከረጢቱ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። የሚመረምረው ባለሙያ ጨርቁ ከየት አገር እንደመጣ አያውቅም። በዓይን የማይታይ አንዲት የዩራኒየም ቅንጣት ምን ያህል እንደበለጸገች ትናገራለች።

ኢራን በ2003 መጀመሪያ ካላዬ ኤሌክትሪክ ከሚባል ወርክሾፕ ናሙና እንዳይወሰድ ከለከለች። ነሐሴ ላይ ስትፈቅድ ሕንፃው ታድሶ ነበር። ያም ሆኖ በከፍተኛ ደረጃ የበለጸገ ዩራኒየም ቅንጣት ተገኘ። ኢራን ከውጭ በመጣ ዕቃ ላይ ተጣብቆ የገባ ነው አለች። በ2005 ከፓኪስታን የመጡ የሴንትሪፊውጅ (ዩራኒየምን በፍጥነት እየተሽከረከረ የሚያበለጽግ መሣሪያ) ክፍሎች ሲመረመሩ ውጤቱ በዋናነት ይህን አባባሏን ደገፈ። ቅንጣት ይከሳል፤ ነጻም ያወጣል።

የሳተላይት ምስል ወደ ሥራው በሰፊው የገባው ከ1999 በኋላ ነው። በዚያ ዓመት አንድ ሜትር የሚያህል ነገር የሚለይ ምስል ለገበያ የምታቀርበው ኢኮኖስ የተባለችው ሳተላይት ወደ ሕዋ ተላከች። ምስል አንባቢው የሚያየው ሕንፃውን ብቻ አይደለም። ጥላው የሕንፃውን ቁመት ይነግረዋል። በክረምት ከሌሎቹ ቀድሞ በረዶ የሚቀልጥበት ጣሪያ ሥር ሙቀት አለ ማለት ነው። ሰሜን ኮሪያ በ2009 ተቆጣጣሪዎችን ካባረረች ወዲህ ኤጀንሲው ዋናውን የኒውክሌር ማዕከሏን ዮንግቢዮንን የሚከታተለው በዋናነት እንዲህ ነው፤ የማቀዝቀዣ ውሃ ሲፈስ፣ እንፋሎት ሲወጣ፣ መኪና ሲመላለስ እያየ።

የሶሪያው ዴር ኤዙር ጉዳይ የቅንጣትንና የምስልን ጥምረት ያሳያል። ሕንፃው መስከረም 2007 በእስራኤል ተደበደበ፤ ሶሪያ ፍርስራሹን አነሳች። ተቆጣጣሪዎች ሰኔ 2008 ሲገቡ የዩራኒየም ቅንጣት አገኙ። ኤጀንሲው ግንቦት 2011 ሪአክተር «መሆኑ በጣም የሚገመት» ነው ብሎ ጻፈ። ይህች «በጣም የሚገመት» የምትለው አገላለጽ ብዙ ሥራ ተሠርቶባታል። የተንታኝ ቋንቋ እንዲህ በልክ የተሰፋ ነው። ከማስረጃው አንድ እርምጃ አልፎ አይሄድም።

የሚያከራክሩ ነጥቦች

አገሮች ለኤጀንሲው የስለላ መረጃ መስጠት ይችላሉ። ይህ ሁልጊዜ ጭቅጭቅ ያስነሳል። ኢራን ከ2005 ጀምሮ የቀረቡባትን የጦር መሣሪያ ጥናት ሰነዶች ፎርጅድ ናቸው ስትል ቆይታለች። ኤጀንሲው ታኅሣሥ 2015 ባወጣው ግምገማ ግን እስከ 2003 መጨረሻ የተቀናጀ ሥራ እንደነበረ፣ ከዚያ በኋላም አንዳንድ ሥራ እስከ 2009 እንደቀጠለ ደምድሟል። መደምደሚያው በአንድ ምንጭ ላይ የቆመ አልነበረም። ቢሆንም አንዳንዶች እስከ ዛሬ አይቀበሉትም።

ሩሲያ በበኩሏ ከ2012 ገደማ ጀምሮ አገርን በአጠቃላይ የሚገመግመው አሠራር ለተንታኝ የግል ግምት በር ይከፍታል ስትል ተቃውማለች። ስጋቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ለዚህ ነው የእያንዳንዱ አገር ግምገማ ተቆጣጣሪም፣ ተንታኝም፣ የቴክኖሎጂ ባለሙያም ባሉበት ቡድን የሚሠራው። አንድ ሰው ብቻውን የሚወስነው ነገር የለም።

ማን ይቀጠራል?

የኒውክሌር መሐንዲስ ብቻ አይደለም። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፣ የቋንቋ ሰው፣ የካርታ ባለሙያ፣ የንግድ ሰነድ የሚያነብ ሁሉ ቦታ አለው። በተለይ የፓኪስታናዊው የኒውክሌር ባለሙያ የአብዱል ቃዲር ካን የድብቅ ንግድ መረብ ከተጋለጠ በኋላ ማን ምን ፓምፕ ከማን ሊገዛ ሞከረ የሚለው ጥያቄ ትልቅ ሥራ ሆኗል። ብርቅ ቋንቋ የሚችል ሰው ይፈለጋል፤ የአንድ ዩኒቨርሲቲ መጽሔት ላይ በአገሩ ቋንቋ የወጣ ጥናት ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ አይገኝም።

ቅጥሩ በዘላቂነት አይደለም። መጀመሪያ ለሦስት ዓመት ነው፤ በተለምዶ ቢራዘምም ከሰባት ዓመት አያልፍም። ድርጅቱ ይህን የሚያደርገው አዲስ ዕውቀት እንዲገባና አባል አገሮች ሁሉ ዕድል እንዲያገኙ ነው። ተቺዎች ደግሞ አንድን አገር ጠንቅቆ ያወቀ ሰው ገና ሲበስል ይሄዳል ይላሉ። ለአንዳንድ ባለሙያዎች የተለየ ውል ይሰጣል። የቀረው ሰው ሲሄድ የአገሩን ፋይል ለተተኪው አስረክቦ ነው፤ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታው ግን ከሥራው ከወጣ በኋላም አይቀርለትም።