የቴክሳስ የካንሰር ገንዘብ፦ የሚወራውና እውነታው

ቴክሳስ የሚኖር ሰው ሁሉ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ለካንሰር ምርምር ያዋጣል። ስቴቱ በ2007 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለካንሰር ምርምርና መከላከል የሚውል 3 ቢሊዮን ዶላር ልበደር ወይ ብሎ ሕዝቡን በድምፅ ጠየቀ። ሕዝቡ ይሁን አለ። በ2019 ደግሞ ሌላ 3 ቢሊዮን ፈቀደ። ገንዘቡን የሚያከፋፍለው የቴክሳስ የካንሰር መከላከልና ምርምር ተቋም ነው፤ በአጭሩ ሲፕሪት ይሉታል። በአሜሪካ ከፌዴራሉ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ቀጥሎ ለካንሰር ምርምር ብዙ የሕዝብ ገንዘብ የሚያወጣው እሱ ነው።

በዳላስና በሂውስተን አካባቢ ብዙ ወገኖቻችን አሉ። ሰው ታሞ ልንጠይቅ ስንሄድ የዚህ ገንዘብ ወሬ አልፎ አልፎ ይነሳል። ታዲያ ከሚባለው ውስጥ ብዙው ልክ አይደለም። የተሳሳተ ወሬ ደግሞ የታመመን ሰው ጊዜውን ይበላበታል። ስለዚህ አንድ በአንድ እንየው።

«ግራንት ነው፣ ታማሚው ራሱ ማመልከት ይችላል»

አይችልም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ግራንቱ፣ ማለትም የገንዘብ ድጋፉ፣ የሚሰጠው ለዩኒቨርሲቲዎች፣ ለሆስፒታሎች፣ ለጤና ድርጅቶችና አዲስ መድኃኒት ለሚሠሩ ኩባንያዎች ነው። የአንድን ታማሚ የሆስፒታል ቢል አይከፍልም፣ የቤት ኪራይም አይሸፍንም። «ፎርሙን ልሙላልህ፣ ትንሽ ትከፍለኛለህ» የሚል ሰው ከመጣ አትስሙት። እንዲህ ያለ ፎርም የለም።

የሕክምና ወጪ የከበደው ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የሚታከምበትን ሆስፒታል ሶሻል ወርከር ነው። በገቢው ልክ ቅናሽ የሚያደርጉ የካውንቲ ሆስፒታሎችም አሉ፤ ዳላስ ላይ ፓርክላንድ፣ ፎርት ወርዝ ላይ ጄፒኤስ፣ ሂውስተን ላይ ሃሪስ ሄልዝ።

«ገንዘቡ ከዋሽንግተን የሚመጣ ነው»

የቴክሳስ ነው። ስቴቱ ቦንድ ሸጦ ይበደራል፣ ዕዳውን ከራሱ ገቢ ይከፍላል። ቴክሳስ የግል ገቢ ግብር ስለሌላት ከዚህ ገቢ ትልቁ ክፍል ሴልስ ታክስ ነው። ልብስ ወይም ስልክ ስንገዛ ደረሰኙ ላይ የምናያት ታክስ አለች አይደል? አብዛኛዋ ወደ ስቴቱ ካዝና ነው የምትገባው። ሲፕሪት በዓመት መስጠት የሚችለው እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ነው። የምርምር ግራንት ያገኘ ተቋምም ባዶ እጁን አይመጣም፤ ከስቴቱ ለሚያገኘው ለእያንዳንዱ ሁለት ዶላር ከራሱ በኩል አንድ ዶላር ለዚያው ሥራ መመደቡን ማሳየት አለበት።

«ለወዳጆቻቸው ነው የሚከፋፈሉት»

ይህ ወሬ ከመሬት አልተነሳም። ታሪኩን በደንብ ማወቅ ያስፈልጋል።

በ2012 ሲፕሪት ከባድ ቀውስ ውስጥ ገባ። የሳይንስ ክፍሉ ኃላፊ የነበሩት የኖቤል ተሸላሚው አልፍሬድ ጊልማን ሥራቸውን ለቀቁ። ምክንያታቸው 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሆነ አንድ ግራንት በሳይንስ ባለሙያዎች ሳይገመገም መጽደቁ ነበር። በደርዘን የሚቆጠሩ ገምጋሚ ሳይንቲስቶችም ተከትለዋቸው ወጡ። ብዙም ሳይቆይ፣ ፔሎተን ቴራፒዩቲክስ ለተባለ የዳላስ ኩባንያ በ2010 የተፈቀደ 11 ሚሊዮን ዶላር ተገቢውን ግምገማ ሳያልፍ መሰጠቱ ታወቀ። ስቴቱ በ2012 ታኅሣሥ ላይ አዲስ ግራንት መስጠቱን አገደ። እገዳው የተነሳው በጥቅምት 2013 ነው። በመሃሉ የስቴቱ ምክር ቤት የተቋሙን ሕግ አሻሽሎ ቁጥጥሩን አጠበቀ።

ማመልከቻዎቹን የሚገመግሙት ሳይንቲስቶች ከቴክሳስ ውጭ የሚኖሩና የሚሠሩ ናቸው። በእኔ እምነት ከሕጎቹ ሁሉ ጠቃሚው ይህ ነው። የሂውስተን ፕሮፌሰር ያቀረበውን ጥናት ቦስተን ያለ ሰው ሲመዝነው፣ ጎረቤቱን ለማስደሰት የሚያስብበት ምክንያት አይኖረውም። ማን ስንት ዶላር ለምን ጥናት እንዳገኘ ደግሞ ተቋሙ በድረ ገጹ ያወጣዋል። የተጠራጠረ ሰው ገብቶ ማየት ይችላል።

እንግዲህ «ስህተት ተሠርቶ አያውቅም» ማለት ውሸት ነው። «ሁሉም ዘረፋ ነው» ማለትም እንደዚያው።

«ያን ሁሉ ገንዘብ በልተው አንድ መድኃኒት አላወጡም»

አውጥተዋል። ሌላ ምሳሌ ሳንፈልግ ያንኑ ፔሎተንን እንውሰድ።

ነገሩ የሚጀምረው በ1997 ዳላስ በሚገኘው ዩቲ ሳውዝዌስተርን የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያ ያሉ ተመራማሪዎች ሂፍ ቱ አልፋ የተባለ ፕሮቲን አገኙ። ፕሮቲኑ ኦክስጅን ሲያንስ ለሴሉ «አዲስ የደም ሥር አብቅል» የሚል መልእክት ያስተላልፋል። በአንዳንድ የኩላሊት ካንሰሮች ውስጥ ግን ይህ መልእክት ኦክስጅን እያለም አይቆምም፤ ዕጢው ደም እየተመገበ ያድጋል። ፕሮቲኑን ማቆም ቢቻል ዕጢው ይራባል ማለት ነው። ችግሩ እንዲህ ያሉ ፕሮቲኖች መድኃኒት የሚይዝላቸው ቦታ የላቸውም ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሲታመን መቆየቱ ነው። እዚያው ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሳይንቲስቶች የፕሮቲኑን ቅርጽ በዝርዝር ሲመረምሩ ውስጡ ትንሽ ክፍተት አገኙ። እዚያ ክፍተት ውስጥ የሚገባ ሞለኪውል ፍለጋ ተጀመረ፤ ፔሎተንም የተቋቋመው ለዚሁ ሥራ ነው።

መርክ የተባለው ትልቅ የመድኃኒት ኩባንያ በ2019 ፔሎተንን ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ገዛው። ቤልዙቲፋን የተባለው መድኃኒት በነሐሴ 2021 ከአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ አገኘ። መጀመሪያ የተፈቀደው ቮን ሂፐል ሊንዳው የሚባል በዘር የሚተላለፍ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ነው። እነዚህ ሰዎች ኩላሊታቸው፣ አንጎላቸው፣ አከርካሪያቸውና ቆሽታቸው ላይ በየጊዜው ዕጢ ይወጣባቸዋል፤ ዋናው ሕክምናም ቀዶ ጥገና፣ ከዚያ ሌላ ቀዶ ጥገና ነበር። አሁን በቀን አንዴ የሚዋጥ ሦስት ኪኒን አላቸው። መድኃኒቱ ደም ማነስ ስለሚያመጣ ክትትል ይፈልጋል፤ ለሁሉም ሰው የሚሆንም አይደለም። በ2023 መጨረሻ ደግሞ ሌላ ሕክምና ሞክረው ላልተሻላቸው፣ የኩላሊት ካንሰራቸው ለገፋ ሰዎች ተፈቀደ።

ከ1997 እስከ 2021 ድረስ 24 ዓመት ነው። «ገንዘቡ የት ደረሰ?» ብሎ በሦስተኛው ዓመት የሚጠይቅ ሰው መልስ ቢያጣ አይገርምም። የመድኃኒቱ መሳካት ግን ግምገማውን መዝለልን ትክክል አያደርገውም። የሕዝብ ገንዘብ ነውና መጀመሪያ መገምገም ነበረበት፤ ዕድል በሌላ ጊዜ እንዲህ አይቀናም።

«የ2018ቱን ኖቤል ያመጣው የቴክሳስ ገንዘብ ነው»

ይህኛው ደግሞ ከልክ ያለፈ ሙገሳ ነው። የካንሰር ተመራማሪው ጂም አሊሰን በ2018 ከጃፓኑ ታሱኩ ሆንጆ ጋር የተሸለሙት የሰውነት መከላከያ ካንሰርን እንዲዋጋ በሚያደርግ ሕክምና ነው። የተሸለሙበት ግኝት ግን የ1990ዎቹ ነው፤ ያኔ ካሊፎርኒያ በርክሌይ ነበሩ፣ ሲፕሪትም አልተወለደም። ሲፕሪት ያደረገው 10 ሚሊዮን ዶላር መድቦ አሊሰን በ2012 ከኒውዮርክ ወደ ሂውስተኑ የካንሰር ሆስፒታል ኤምዲ አንደርሰን እንዲመለሱ ማገዝ ነው። ሲፕሪት በዚህ መንገድ ከ200 በላይ ተመራማሪዎችን ወደ ቴክሳስ አምጥቷል። ትልቅ ሥራ ነው፤ የሌላውን መውሰድ አያስፈልገውም።

«የመድኃኒት ሙከራ ውስጥ ከገባህ የላብራቶሪ አይጥ ያደርጉሃል»

ፍርሃቱ ይገባኛል። ነገር ግን በካንሰር ሙከራ ውስጥ ጥሩ ሕክምና እያለ ሰውን ባዶ ኪኒን ብቻ ሰጥቶ ማየት የተለመደ አይደለም። ብዙውን ጊዜ አዲሱ መድኃኒት የሚነጻጸረው አሁን ካለው ሕክምና ጋር ነው። ታማሚው ፈርሞ ይገባል፣ በፈለገበት ቀን መውጣት ይችላል። አዲሱ መድኃኒት ይሻላል የሚል ዋስትና ግን የለም፤ ዋስትና ቢኖር ሙከራም ባላስፈለገ። በሙከራ ላይ ላለ ሰው መደበኛውን የሕክምና ወጪ አብዛኛው የግል ኢንሹራንስ እንዲከፍል ሕግ ያስገድዳል፤ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የሚሆነው የመንግሥት ኢንሹራንስ ሜዲኬይድም ከ2022 ጀምሮ ይከፍላል። ሐኪሙን «ለኔ የሚሆን ሙከራ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።

«የተመራማሪዎች ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም»

ከገንዘቡ እስከ 10 በመቶ የሚሆነው ለመከላከል ሥራ ይውላል። ማሞግራም (የጡት ራጅ ምርመራ)፣ የማሕፀን በር ካንሰር ምርመራ፣ የትልቁ አንጀት ምርመራ፣ የማሕፀን በር ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ የሚከላከለው የኤችፒቪ ክትባት፣ ሲጋራ ማቆም ለሚፈልግ ሰው እርዳታ፤ ይህ ሁሉ በቴክሳስ 254 ካውንቲዎች ውስጥ ደርሷል። ለምሳሌ ፎርት ወርዝ ያለው ሞንክሪፍ የካንሰር ተቋም ኢንሹራንስ ለሌላቸው ሰዎች ምርመራ ለማድረስ በዚህ ገንዘብ ተደግፏል።

በአሜሪካ አሁን ባለው ምክር የጡት ምርመራ ከ40 ዓመት፣ የአንጀት ምርመራ ከ45 ዓመት ይጀመራል። ለአንጀቱ የግድ ኮሎኖስኮፒ (አንጀትን በካሜራ ማየት) አያስፈልግም። ቤት ወስዶ ትንሽ የሰገራ ናሙና የሚሰጡበት ምርመራ አለ፤ በየዓመቱ ይደገማል። ውጤቱ ጥሩ ካልሆነ ግን ኮሎኖስኮፒው አይቀርም። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ሰፈሩ ወዳለው የማኅበረሰብ ክሊኒክ ደውሎ «ነጻ የካንሰር ምርመራ ፕሮግራም አላችሁ?» ይበል። ፕሮግራሙ ሲፕሪት የሚል ስም ላይኖረው ይችላል፤ ማን እንደሚከፍለው ማጣራት የደዋዩ ሥራ አይደለም።

እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው እናቶችና አባቶች ደግሞ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክም ሆነ ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ቀጠሮ ሲይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል። የ12 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርታ ለእናቷ የካንሰር ውጤት ልታስተረጉም አይገባም።